ሙቅ ውሃው የተዘጋበት ቅዳሜ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ዳሪል? ቆይ፣ ቆይ አንዴ፣ እጄ እርጥብ ነው፣ ስልኩ ሊያመልጠኝ ነው... እሺ። አሁን ትሰማኛለህ?... አዎ፣ ስትደውል አይቻለሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ ነው ያላነሳሁት... ቁም ሳጥን አልኩህ። ኮሪደሩ ላይ ያለው፣ ቦይለሩ የተቀመጠበት። ፎጣና አንሶላውን ሁሉ አውጥቼ፣ ተንበርክኬ የሙቅ ውሃውን መዝጊያ እየፈለግኩ ነው።

— አይ፣ ቤቱ አልፈረሰም። ቧንቧ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ፣ የገንዳው፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ...

— አባዬ፣ ገና ነው። ገና አልዘጋሁትም፣ መፍቻውን አስቀምጠው። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ በል፣ ስዘጋው እነግርሃለሁ።

— አዎ፣ ከአባዬ ጋር ነው የምንሠራው። ሳቅ አንተ። ክራይስትቸርች ከተማ ተቀምጦ መሳቅ ቀላል ነው።

— ሐሙስ የሆነውን አልነገርኩህም?... አልነገርኩህም። ደክሞኝ ነው፣ ትዝም አላለኝ። ያ ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል አይደል? ውስጡ ያለችው ጎሚኒ አልቃለች። ጥርስህን ነክሰህ ካላጠበቅከው አይዘጋም፣ አባዬ ደግሞ እጁ ላይ ምን ጉልበት ቀረው። ሐሙስ እኔ ሥራ ነኝ። እሱ ሊታጠብ ገብቶ ከፈተው፣ መዝጋት አቃተው። ሲታገል ሲታገል እጁ ውሃው ስር ገባ... የቀኝ እጁ፣ አንጓው ላይ። ቀልቷል፣ ትንሽ ውሃም ቋጥሯል... ወሰድኩት እንጂ። ሐኪሟ ቀባችለት፣ አሰረችለት፣ ከባድ አይደለም አለችኝ። ግን ያን ቀን ስገባ እንዴት ሆኖ እንዳገኘሁት ብታየው... ውሃው ይፈሳል፣ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፣ እሱ ፎጣ አገልድሞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ይቅርታ ኖሊን፣ እንዴት እንደሚዘጋ ጠፋብኝ» ይለኛል... ይቅርታ ይለኛል፣ በገዛ ቤቱ።

— ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦይለሩን አጥፍቼዋለሁ። ውሃ በማንቆርቆሪያ እያፈላሁ፣ በጨርቅ ነው የማብሰው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ውጪው አመዳይ ነው፣ ሣሩ እስካሁን ነጭ ነው።

— ቧንቧ ሠራተኛ?... ደወልኩ እንጂ። ብርዱ እዚህ ኦማሩ ከተማ ያለውን ቱቦ ሁሉ እያፈነዳው ሰውየው መድረሻ አጥቷል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ካለቀ በኋላ ነው አለኝ። ይህን ሳወራ አባዬ ሰምቶኝ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ልብሱን ለብሶ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። «እኔ በቁሜ ለቧንቧ ሰው ትጠሪያለሽ?» ምን ልበለው?

— ቆይ፣ ያገኘሁት መሰለኝ። ቀይ እጀታ ያለው... አንተ የት ታውቃለህ። አባዬ፣ ቀዩ ነው?... ከታች በኩል ያለው?... እሱ ነው ይላል። ኧረ ዝጓል፣ ንቅንቅ አይልም። ስልኩን መሬት ላስቀምጠው ነው፣ እንዳትዘጋው...

— ሄሎ? አለህ?... ዞረልኝ። ወገቤ ቀጭ አለ እንጂ ዞረልኝ። አባዬ፣ አሁን ቧንቧውን ክፈተው፣ ውስጡ የቀረው ይውጣ... ቀነሰ?... ቆመ? ጭራሽ?... ጥሩ። አሁን ፍታው። ቀስ እያልክ፣ የታሰረውን እጅህን እንዳታርሰው።

— አዎ ዳሪል፣ እየሰማሁህ ነው... እ... እ... ማክሰኞ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአረጋውያን ማረፊያው የምትመጣዋ ሴትዮ... አዎ፣ ክፍሉ ተለቋል፣ ለእኔም ደውለውልኛል... አልነገርኩትም... አልነገርኩትም አልኩህ። ድምፅህን ቀንስ፣ ይሄ ስልክ ለጎረቤት ይሰማል። ቆይ ራቅ ልበል።

— እሺ። እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? ጣውላውን እየቆረጠ በእጁ የሠራው ቤት ነው። ጠዋት ዳቦውን እየቀባሁለት «አባዬ፣ ማክሰኞ ሊያዩህ ይመጣሉ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ አትኖርም» ልበለው?... አንተ ንገረው። አንተስ ልጁ አይደለህ?... ትልቋ ብሆንስ? እማዬ ከሞተች ወዲህ ቤቴን ዘግቼ እዚህ የገባሁት እኔ፣ መርዶ ነጋሪዋም እኔ? ለፋሲካ ስትመጣ እነግረዋለሁ አልክ፣ አብራችሁ ራግቢ አያችሁ፣ ሄድክ... አውቃለሁ ከባድ ነው። አልተቀየምኩህም። ደክሞኛል፣ ሌላ ነገር የለም... አይ፣ አላለቅስም። ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል።

— እንቅልፍ? የት አግኝቼ? ሌሊት ይነሳል። ሲነሳ እነሳለሁ። አንዳንዴ ተረኛ የሆነ ይመስለዋል፣ የባቡር ሥራውን ከተወ ስንት ዘመኑ፣ ጫማዬን አምጪ ይላል። አግባብቼ እመልሰዋለሁ። ሲነጋ ወደ ሥራ፣ ወደ ሥጋ ቤቱ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ የበግ ሥጋ መዝኜ፣ ጠቅልዬ፣ ጥቅልሉን እንደያዝኩ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰውየው «እመቤቴ፣ ይሄ የእኔ ነው ወይስ ይዘሽው ልትተኚ ነው?» አለኝ... አዎ፣ እኔም ሳቅኩ። ጓሮ ገብቼ ግን ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ።

— አባዬ፣ እንዴት ሆነ?... ልይ። ዳሪል፣ አንዴ ያዝልኝ... አባዬ፣ ይቺ እኮ አሮጌዋ ናት። አሮጌዋን መልሰህ ነው የከተትካት። አዲሷ ፎጣው ላይ ናት፣ ይቺውና... ምንም አይደል። እንደገና እንፈታዋለን... ምንም አይደል አልኩህ፣ ይመሳሰላሉ።

— ሰማህ?... አዲሷን ጎሚኒ አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞ አያትና «ይቺ ደግሞ የምንድን ናት?» አለኝ። የዚህን ቤት ቱቦ በሙሉ የዘረጋ ሰው፣ ዳሪል... እኔ ምን አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ከሁለታችንም የተሻለ ያስባል፣ አንዳንድ ቀን የገዛ ካልሲው ይጠፋበታል። ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ ገና አልለየሁም።

— ምን አልክ አባዬ?... ስልኩን?... ዳሪልን ልታናግረው?... ዳሪል፣ ስጪኝ ላናግረው እያለ ነው። ስልክ የሚጠላ ሰውዬ፣ እኔም ገርሞኛል... ልውጣ? ለምን እወጣለሁ?... እሺ፣ እሺ። መዝጊያው እንዳያፈስ ሂጂና እዪው ይለኛል። ገልብጠህ ይዘኸዋል አባዬ። እንዲህ፣ ጆሮህ ላይ።

............

— ጨረሳችሁ?... መዝጊያው ደህና ነው፣ ደርቋል። ስጠኝ ስልኩን። አንተ ያቺን አዲሷን ያዝ፣ አሮጌዋ እኔ ኪስ ውስጥ ናት፣ አሁን መሳሳት የለም።

— ሄሎ... ዳሪል?... አለህ?... ታለቅሳለህ እንዴ? ምን አለህ?... ቀስ ብለህ፣ አይሰማኝም። ቆይ፣ የኮሪደሩን በር ልዝጋው።

— እሺ ንገረኝ... ማን ሄዶ?... አባዬ? ማረፊያው ድረስ? መቼ?... እኔ ሥራ ሆኜ። በምን ሄደ፣ መኪና አይነዳ... በእግሩ? ያን ዳገት በእግሩ ወጣው?... እና ክፍሉን አሳዩት... መስኮቱ ወደ ባቡር ሐዲዱ ነው... የጭነት ባቡሩ ሲያልፍ ይታያል አለህ... እ... ስለ ማክሰኞም እነሱ ነገሩት። እኔ ይኼን ሁሉ ቀን አፌን ዘግቼ ስጨነቅ፣ እሱ ያውቅ ነበር።

— ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?... ምን?... ድገምልኝ... «እሷ በአፏ ልትለው አትችልም። እኔ ልሂድ ካልኳት ደግሞ ለእሷ ብዬ መሆኑ ይገባትና አትለቀኝም።» እንዲህ ነው ያለህ?... ስለዚህ አንተ እንደወሰንከው አድርገህ ንገራት አለህ... «የምትቆጣ ከሆነ አንተን ትቆጣ፣ ራሷን እንዳትቆጣ።»

— አለሁ። አልዘጋሁትም። መሬት ተቀምጬ ነው፣ ፎጣው ክምር ላይ... ተወኝ አንዴ፣ ዳሪል። ዝም ብለህ ያዘው፣ አታውራ።

— ...እሺ። ለእሷ እንዳትነግር ተብለህ ነው ገና ስልኩን ስቀበለው የዘረገፍከው? ትንሽ ሚስጥር መያዝ አትችልም?... አይ፣ ደግ አደረግህ። ብትዋሸኝ ኖሮ ስንት ዓመት እንደምጣላህ... እና ምን እናድርግ?... እንዳላወቅኩ ልሁን?... እንዲያ ነው የፈለገው። ሌላ የጠየቀን ነገር የለም... እሺ። እንግዲያው ልቆጣህ ነው። ጮክ ብዬ፣ አባዬ እንዲሰማኝ። እንዳትስቅ ብቻ። በሩን ልክፈተው...

— አንተ ማነህና ነው የምትወስነው? ለማክሰኞ ቀጠሮ ትይዛለህ፣ እኔን ሳታማክር፣ አባዬን ሳትጠይቅ? በዓመት አንዴ ብቅ ብለህ፣ ሻይ ጠጥተህ፣ የዚህ ቤት አለቃ አንተ ነህ? ሌሊት ማን እንደሚነሳለት ታውቃለህ? እጁን ሲያቃጥል የት ነበርክ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺ እረፊ እኔ ልምጣ ብለኸኛል?... አዎ፣ እየተቆጣሁህ ነው። አባዬ እሺ ካለ እሺ ነው። እሺ ካላለ ግን ከዚህ ቤት የትም አይሄድም፣ ሰምተሃል?

— ...ዳሪል። ግማሹ የምር ነው... አውቃለሁ... አውቃለሁ። ይገባኛል። ይቅር ለእግዜር።

— ምን አባዬ?... ተይው?... ልጁን ተይው፣ ክፉ አላሰበም ይለኛል። አባዬ፣ አንተስ? የእውነት ትሄዳለህ?... ክፍሉን እንኳ ሳታየው?... ክፍል ያው ክፍል ነው ይላል፣ ዳሪል። ዓይኑን ከቧንቧው ሳይነቅል። ወደ እኔ ዞር ሳይል... እሺ አባዬ። እንግዲያው ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ አብሬህ እሆናለሁ። ሴትዮዋ ስትመጣ ብቻህን አትሆንም።

— ከተትካት?... ልይልህ... አዲሷን ነው የከተታት፣ አይቻለሁ። ራሱ እያጠበቀው ነው፣ በግራ እጁ። አንዴ ጠብቅ፣ ውሃውን ልልቀቀው... ዞረ። ትሰማዋለህ? ቱቦው ሲያስል? አየሩ ነው የሚወጣው... መጣ። መጀመሪያ ቡናማ ነበር፣ አሁን ጠራ። አባዬ፣ ዝጋው እስቲ። አይ፣ እኔ አልነካውም፣ አንተው ዝጋው... ዘጋው፣ ዳሪል። በሁለት ጣት ዘጋው... እያየን ነው። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን ጫፉ ላይ አፍጥጠናል... የለም። አይንጠባጠብም።

— ቦይለሩን አበራሁት። እስኪሞቅ ግን ይቆያል፣ ቀዝቅዞ ነው የከረመው... ትመጣለህ? መቼ?... ሰኞ ማታ አይደለም፣ ነገ ና። ነገ ና ዳሪል። ምንም አታምጣ። መጥተህ ሌሊቱን አንተ ተነሳለት፣ እኔ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም... እሺ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለህ ንዳ።

— አሁን?... አሁንማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀምሯል... አባዬ፣ ገና ነው። ቅዝቃዜው ይመታሃል፣ ቆይ... እጠብቃለሁ፣ የምሄድበት የለኝም ይላል።

— እሺ፣ ልዝጋው። ውሃው እስኪሞቅ አጠገቡ ልቀመጥ... አዎ፣ ሰላም ይልሃል እለዋለሁ... አይ፣ ማወቄን አልነግረውም። እሱን ለዘላለም አልነግረውም... እሺ። ቻው ወንድሜ፣ ቻው።

— ጠጋ በልልኝ፣ አባዬ።