ረጅሙ ቅጂ

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ ታቱ ሼ ባካሪ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የድንች ጥብስና የሁመር ጭማቂ ሻጭ
አድራሻ፦ ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ፣ ኪቦኮኒ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ኦገስት 14 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የመዘገበው፦ ሳጅን ጆንስተን ሙሊ
ጉዳዩ፦ ምዜ ፉሞ አቡበከር «በሙዚቃ ባንዳችን ስም ቅጥያ የገባበት ሐሰተኛ ዘፈን ተሸጧል» በማለት ያቀረቡት አቤቱታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ታቱ ሼ፣ በዛሬው ዕለት በተጠርጣሪነት ተጠርቼ ጣቢያ ቀርቤአለሁ። አመልካቹ አቤቱታቸውን ረፋድ ላይ ስለተዉ ሳጅን ሙሊ ወደ ቤቴ መሄድ እንደምችል ነግረውኛል። እኔ ግን አልሄድም ብያለሁ። ሲዲዎቼ ተጭነው ሲወሰዱ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አይቷል፤ አሁን ደግሞ የሆነው ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ይስፈርልኝ ብዬ በመጠየቄ ይህ ቃል ተጽፏል። ሳጅኑ «ማማ፣ ጉዳዩ እኮ አለቀ» ቢሉኝም፣ ያለቀው ለእሳቸው መሆኑን አስረድቻለሁ።

ታራብ የምንለውን የባሕር ዳርቻችንን የሠርግ ሙዚቃ የሚጫወተው «ኑሩ ያ ባሃሪ» የተባለው ባንድ በከተማችን ከእኔ ዕድሜ በላይ የቆየ ነው። የእነሱ ዘፈን ያልተዘፈነበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። መሪው፣ ለሽምግልናቸው ክብር ምዜ የምንላቸው አመልካቹ ፉሞ ሲሆኑ ኡድ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይመታሉ፤ ግጥምም እደርሳለሁ ይላሉ። ባለፈው ጁን ወር መጀመሪያ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ወዳጆቻቸውን በሙሉ በባንዱ ቤት ሰብስበው አዲስ ነገር አወጁ። አልበም ባወጡ ቁጥር በማግሥቱ እየተቀዳ መንገድ ላይ ስለሚቸበቸብ፣ ከእንግዲህ ሻጩ ሕዝቡ ራሱ ይሁን አሉ። ባንዱ ካለው ከድሮውም ከአዲሱም ሃያ አራት ዘፈን ውስጥ የፈለገ ሰው ዐስሩን መርጦ፣ በፈቀደው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ሽፋኑን በራሱ ፎቶ አስጊጦ፣ ስም አውጥቶለት መሸጥ ይችላል፤ ከሽያጩ ግማሹ ለባንዱ፣ ግማሹ ለሻጩ ይሆናል ተባለ። ምዜ ፉሞ ማይክ ይዘው «ምርጫው የእናንተ ነው፤ እኛ ጣልቃ አንገባም» ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ እንዲሰመርበት እጠይቃለሁ።

ከተማው አበደ ማለት ይቻላል። አንድ ዓሣ አጥማጅ የጀልባውን ፎቶ ለጥፎ የባሕር ዘፈኖችን ብቻ ሰበሰበ። አንዲት ሙሽራ ሂና የተቀባ እጇን ሽፋን አደረገች። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጣውንቶች፣ አንዷ ሌላዋን የምትሸነቁጥባቸውን ዐስር ዐስር ዘፈኖች መርጠው አወጡ፤ የሁለቱም ጥሩ ተሸጠ። ባልየው ግን ከቤት መውጣት አፍሮ ሰንብቷል።

እኔ የፈለግሁት አንድ ዘፈን ነበር፤ ሌሎቹን ዘጠኙን የመረጥኩት ደንቡ ዐስር ስለሚል ነው። ዘፈኑ «የክረምት ሸራ» ይባላል። በባሕር ዳርቻችን የማያውቀው የለም። የምዜ ፉሞ ድርሰት ነው እየተባለ በየሬዲዮው ተነግሯል፤ እሳቸውም በዚሁ ዘፈን የተነሳ ተሸልመዋል። ግጥሙ ግን የእናቴ የሙዋናኮምቦ ነው። አባቴ ሼ ጀልባ ይዞ ወደ ፔምባ ደሴት ወርዶ፣ ነፋሱ ተዘዋውሮበት ወራት በቀረ ጊዜ እሷ የዘንባባ ምንጣፍ እየጠለፈች ያወጣችው ነው። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መስመር በመስመር ሲወጣ ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። በዚያን ዘመን የተከበረች ሴት ግጥሟን ይዛ ወደ ባንዱ ቤት አትገባም ነበር፤ በወንድ እጅ ትልካለች። ታዲያ ስሟ እንዳይቀር በግጥሙ የመጨረሻ ቤት ውስጥ ራሷን ትጠራለች። እናቴም እንደ ወጉ ስሟን መጨረሻው ላይ አስገብታ በጎረቤታችን እጅ ላከችው። ጎረቤታችን ምዜ ፉሞ ነበሩ።

ዘፈኑ ሲወጣ የመጨረሻው ቤት አልነበረበትም። እናቴ የኔ ነው ስትል ሰው ይስቅባት ነበር። ውኃ በምንቀዳበት ቦታ «ገጣሚዋ መጣች» እያሉ ይጠቃቀሱ ነበር፤ እኔም በዚህ ስም ከስንት ልጅ ጋር ጸጉር ተናጭቻለሁ። ዘፈኑን የዘፈነችው ሟቿ ሻምሳ ግን ከመሞቷ በፊት እናቴን አስጠርታ «እስከ ስምሽ ድረስ ዘፍኜዋለሁ፤ የት እንዳደረሱት እንጃ» ብላታለች። እናቴ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማንም አንስታ አታውቅም። አሁን ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ሳትሞት ስሟን ቦታው ላይ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ነገር በላይ ነበር።

የዘፈኖቹን ዝርዝር ሳይ «የክረምት ሸራ» ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ይላል። የባንዱ ቫዮሊን መቺና የኮምፒውተሩ ኃላፊ ምብዋና እንዳስረዳኝ፣ ምዜ ፉሞ ዝርዝሩ በዛ ብሎ እንዲታይ ብለው መጋዘን ያለውን አሮጌ የካሴት ክር ሁሉ፣ አንድም ሳያዳምጡ፣ አስገባው ብለውታል። ረጅሙ ቅጂ በተቀዳበት ዕለት እንደወረደ ያለ ነው። ምብዋና «ማማ ታቱ፣ ይሄ እኮ የሁለት ዘፈን ጊዜ ይበላል፤ ሰው ሁሉ አጭሩን ነው የሚወስደው» ብሎ ሊመክረኝ ሞከረ። እኔ ግን ረጅሙን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም ሳይቆረጥ፣ ዐስረኛ አድርግልኝ አልኩት። ሲዲዎቹን በሙሉ ያባዛው እሱ ራሱ በባንዱ ኮምፒውተር ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የባንዱ ማኅተም አለ። እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሲዲ ቤት ወስጄ ለእናቴ ከፈትኩላት። ዐስረኛው ዘፈን ሄዶ ሄዶ ሙዚቃው ቀጠን ሲል ሻምሳ ይህን ዘፈነች፦

ይህን ሸራ ሰፍቼ ለነፋስ የሰጠሁ፣
ሙዋናኮምቦ ነኝ፣ ደጅ ደጁን ያየሁ፤
ሼ ከባሕር ሲመለስ ቀድሜ የሰማሁ።

እኔ አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም። የያዘችውን የዘንባባ ቅጠል አስቀምጣ ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ «ሻምሳ ያን ቀን ጉሮሮዋን አሟት ነበር መሰለኝ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ማታውን ሙሉ ግን ያንኑ ቤት እየመለስን ሰማነው። ከእሱ ወዲያ ያለውን ሰምተን አናውቅም፤ ከዘፈኑ በኋላ ረጅም ዝምታ ስላለ የገዛውም ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ያጠፋዋል። ለሽፋኑ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ አድርጌ፣ ከሥሩ «ግጥም፦ ሙዋናኮምቦ» ብዬ አስጻፍኩበት።

የእኔ ሽያጭ የተጀመረው በኢድ ዕለት ነው። ሰው ለድንች ተሰልፎ ሲዲ ይዞ ይሄዳል፤ ባለ ሦስት እግር ታክሲዎቹ፣ ቱክቱኮቹ፣ ያንን ብቻ ይከፍታሉ። በኢድ ሦስተኛው ቀን ምዜ ፉሞ ከነነጭ ቀሚሳቸው ድስቴ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ሰው በተሰበሰበበት «እናትሽ ምንጣፏን ትጠልፍ፤ ግጥሙን ለሚችሉት ትተውላቸው» አሉኝ። እኔም «ምዜ፣ ድንች ላድርግልዎት ወይስ ሲዲ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰው ስለሳቀ ተቆጥተው ሄዱ። ሰኞ ዕለት ፖሊስ ይዘው ተመለሱ፤ የቀሩኝ ሲዲዎች ሁሉ ተወሰዱ።

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስቀርብ እናቴ እቤት አልቀርም ስላለች በቱክቱክ ይዣት መጥቻለሁ። ምዜ ፉሞ በሳጅን ሙሊ ፊት፣ አንዲት ልጅ ከፍዬ አዘፍኜ በኮምፒውተር እንዳስቀጠልኩበት፣ የመጨረሻው ቤት የሚባል ነገር ኖሮ እንደማያውቅ ተናገሩ። ምብዋና ከባንዱ ክር ላይ እንዳለ ያባዛው እሱ መሆኑን ቢመሰክርም፣ እሱም ተገዝቷል አሉ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ፈርቻለሁ። ቃላቸው ከታመነ እኔ መታሰሬ፣ እናቴም ውሸታም እንደተባለች መቀበሯ ነው። ሳጅኑ ራሳቸው ከባሕር ርቆ ካለው ከማቻኮስ የመጡ መሆናቸውን፣ ስለ ታራብ ምንም እንደማያውቁ ገልጸው፣ ለማንኛውም እንስማው በማለት ሲዲውን በጣቢያው ኮምፒውተር ከፈቱት።

ዘፈኑ ሲጀምር የጣቢያው ሰው ሥራውን ተወ። መታወቂያ ጠፋብኝ ልትል የመጣች ሴት ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዝ ነበር። የእናቴ ስም ሲደርስ ምዜ ፉሞ ተነስተው «ይኸው፣ የተቀጠለው ይሄ ነው!» አሉ። ሳጅኑ ሊያጠፉት እጃቸውን ሲዘረጉ ስልክ ተጠሩና ጀርባቸውን ሰጥተው ማውራት ጀመሩ። ሲዲው ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ መሣሪያ ሲቀመጥ፣ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ አንድ ወንድ መናገር ጀመረ።

«ሻምሳ፣ ስሟ ያለበት ቤት ለገበያ አይወጣም። ቁረጡት።»

የሻምሳ ድምፅ «የሰው ስም እንዴት ይቆረጣል፣ ፉሞ?» ሲል መለሰ።

«ምንጣፍ ጠላፊ ናት። ወጥታ ልትከራከረኝ ነው?»

ሳጅኑ ስልኩን ዘጉ። ምዜ ፉሞ ፊታቸው ቀልቶ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። «ይሄ እኮ የውስጥ ወሬ ነው! ስቱዲዮ ውስጥ በግል ያልኩትን ነገር ሕዝብ ፊት ማውጣት ማን ፈቀደላችሁ?» አሉ።

ሳጅን ሙሊ «እንግዲያው ምዜ፣ ድምፁ የእርስዎ ነው ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ምዜ ፉሞ ወደ እናቴ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ «እህቴ፣ ያኔ እኮ ልጆች ነበርን» አሏት።

እናቴም «አንተ ሁለት ልጅ ድረህ ነበር፣ ፉሞ» አለችው።

ምዜ ፉሞ አቤቱታቸውን ማንሳታቸውን ፈርመው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ በጓሮ በር ወጥተዋል። ምብዋና እዚያው ቆሞ ለባንዱ አባላት ስልክ ከደወለ በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ በባንዱ ዝርዝር ላይ በዚህ ዘፈን ትይዩ የእናቴ ስም እንደሚጻፍ፣ በሚመጣው ዓርብ በሚደረገው ሠርግም ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ቤት እንደሚዘፈን በሁሉም ስም ነግሮናል። ሲዲዎቼ ተመለሱልኝ። ይዣቸው በረንዳ ላይ ስወጣ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ደጁ በሴት ተሞልቷል፤ እልልታው መንገዱን ዘጋው። ካርቶኑን መሬት ሳላስቀምጠው አለቀ። የመጨረሻውን የገዛው የጣቢያው ዘበኛ ነው። ሁለቱ ጣውንቶችም አጭሩን አውጥተው ረጅሙን ሊያስገቡ መወሰናቸውን ነግረውኛል፤ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ሳጅኑ ተረጋጊና ቃልሽን ጨርሺ ብለውኛል።

በምዜ ፉሞ ላይ ክስ አላቀርብም፤ ካሣም አልጠይቅም። እንዲከሰሱ ብፈልግ ኖሮ እንኳ ከራሳቸው አንደበት የበለጠ ምስክር አላመጣም ነበር። የምጠይቀው ይህ ቃል በመዝገቡ ውስጥ ሳይቆረጥ እንዲቀመጥ ብቻ ነው።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ጻፉልኝ ብዬ ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ተነቦልኝ፣ የእኔው ቃል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። ሲነበብ እናቴ አጠገቤ ሆና ስለሰማች በእማኝነት እንድትፈርም ተደርጓል። በመታወቂያዋ ላይ የተጻፈው የሥራ ዓይነት ስህተት ነው በማለቷ፣ ራሷ በተናገረችው መሠረት ተስተካክሎ ተመዝግቧል።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ታቱ ሼ ባካሪ

ቃሉን የመዘገበው፦ ሳጅን ጆንስተን ሙሊ

እማኝ፦ ሙዋናኮምቦ (የጣት አሻራ)
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ገጣሚ