ክቡር ቶህ እስከ አተላው የጠጡት ቡና

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26 ነው። እውነቱን ልናገር? ይህን የስንብት ንግግር ሌላ ሰው ያደርገዋል ብዬ ነበር። ከወረቀት ስለማነብ ታገሡኝ።

አክስት ሲው ኬንግ፣ አለቃችን እንደነገሩኝ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እርስዎ ወደዚህ ቡና ቤት ሥራ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ "ቡና ማፍላት ትችያለሽ?" አሉዎት።

"አልችልም፤ መጮህ ግን እችላለሁ።"

በማግስቱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሙ። ጩኸቱን እስካሁን አልተዉም፤ ቡናውንም ቀስ በቀስ ለመዱት።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። "ከላይ የማውቀው ሰው አለ" የሚል ደንበኛ ቡናው ይቀጥንበታል። አጎት ፉንግ፣ አይሳቁ፤ የእርስዎ ቡና ለምን ሻይ እንደሚመስል ዛሬ ገባዎት አይደል?

የጥግ ጠረጴዛው ሰዎች፣ እነ አጎት ፉንግ፣ ከአራት ሰዓት በፊት አንድ መንግሥት ያወርዳሉ፣ ከምሳ በፊት ሌላ ይሾማሉ። በራችን ላይ የተደፈነውን ቦይ ግን ጎንበስ ብሎ ያየው የለም። አምና ጎርፉ ሱቁ ውስጥ ሲገባ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የኳላ ላምፑርን ሹም ሽር ማውራት ቀጠሉ። እኔ ውሃውን ስጠርግ አጎት ፉንግ፣ "አንቺ ልጅ፣ አትርጪብን እንጂ! የአገር ጉዳይ ላይ ነን" አሉኝ። በዚያው ሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታችን የእናቴ ፍራሽ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

ቦዩን አስጠርጋለሁ ያሉት ለምክር ቤት የሚወዳደሩት ክቡር ቶህ ናቸው፤ ባለፈው ምርጫ፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ። ሽርጥ ታጥቀው፣ የቡናውን የጨርቅ ማጥለያ ይዘው ለካሜራ ቡና አፈሉ። ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ የቆርቆሮ ወተቱም ክራባታቸው ላይ። እጩዎች የሚያፈሉት ቡና ፎቶው ካለቀ በኋላ ይደፋል። ያን ቀን ግን አክስት ሲው ኬንግ አልደፉትም።

"ክቡርነትዎ፣ ይቅመሱት እንጂ።"

ቀመሱት።

"እንዴት ነው?"

"ግሩም ነው፣ አክስት!"

"እንግዲያው ይጨርሱታ።"

እስከ አተላው ጨረሱት። የጥግ ጠረጴዛው ሰዎች መንግሥት ማውረዱን ትተው ወንበራቸውን ወደ ባንኮኒው ሲያዞሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አክስት፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ኩባያ አጣቢ ነበርኩ። ድምፄ አይሰማምና ሁሉም "ዲዳዋ" ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግን ጠጋ ብለው ይሰሙኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን ድገሚ አላሉኝም። አመሰግናለሁ። ቅር ያለኝን ነገርም ልናገር፤ ቡናውን አስጠጧቸው እንጂ ስለ ቦዩ አልጠየቋቸውም። አሁን ይጠይቃሉ፣ አሁን ይጠይቃሉ እያልኩ ኩባያ እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔም አልጠየቅሁም።

በሉ፣ ኩባያችሁን አንሡ። አክስት፣ ጉልበትዎ ይረፍ። ጠዋት ጠዋት እርስዎ ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው አፍልቶ ያቅርብልዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ክቡር ቶህም ለዘንድሮው ምርጫ ነገ ጠዋት ከነካሜራቸው ይመጣሉ። አለቃችን "ማጥለያውን ስጪያቸውና ፈገግ በይ፣ በቃ" ብለውኛል። አለቃዬ፣ ይቅርታ፤ አልሰጣቸውም። በሁላችሁ ፊት ስለ ቦዩ እጠይቃቸዋለሁ። እስኪመልሱልኝ ድረስ ለጥግ ጠረጴዛው አንድ ኩባያም አልቀዳም፤ ቡና የፈለገ አብሮኝ ይጠይቅ።