የኮምፒውተራችን ዘበኛ

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ እማ ክር (ሙሉ ስም ከመታወቂያዋ ቅጂ ጋር ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የሴቶች ልብስ ስፌት
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
አድራሻ፦ በፎቶ ቤቱና በዳቦ ቤቱ መካከል ያለው ሱቅ፤ መኖሪያዋ ከሱቁ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ጠዋት

ከላይ መጠሪያዬና አድራሻዬ የተጠቀሰው እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የፎቶ ቤቱን የሠርግ ፎቶዎች ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል ተብሎ ተጠርጥሮ የታሰረውን የኮምፒውተር ጠጋኝ አውቀዋለሁ። በመንገዳችን ሁሉም «ዘበኛው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። እኛ ባለሱቆች የሌሊት ጥበቃ የምንቀጥረው በጋራ ነው፤ ለብቻው መቅጠር የሚችል የለም። ጠጋኙ የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተር ሊሠራ በመጣበት ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ «ለበሩ ተዋጥታችሁ ሰው ካቆማችሁ ለኮምፒውተሩና ለስልኩስ ለምን አታቆሙም? ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚከፍሉትን አልጠይቃችሁም፤ የሁላችሁንም እጠብቃለሁ፣ እናንተ ተካፈሉት» አለን። ባለፎቶው «አንተ ደግሞ ዱላ ይዘህ ስክሪኑ ላይ ልትቆም ነው?» ብሎ አሳቀን። ስሙ በዚያው ጸና።

ያስተማረን በትዕግሥት ነው። እኔን «እማ፣ በስልክዎ የሚመጣ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም። እኔ ራሴ ብጠይቅዎ እንኳ ሰድበው ያባርሩኝ» ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የየሱቁን ፋይል ቅጂ በአንዲት ትንሽ ዲስክ አድርጎ ከእኔ የክር መሳቢያ ያኖራታል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ብሎ። ዲስኳን ዛሬ ይዤ መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። የጠፉት የሙሽሮች ፎቶዎች በሙሉ አሉባት። ፎቶ ቆልፎ ገንዘብ ሊቀበልበት ያሰበ ሰው፣ ለዚያው ፎቶ አስቀድሞ ሌላ ማስቀመጫ ያበጅለታል ብዬ አላምንም።

ስለ ድርጊቱ የማውቀው ይህ ነው። ባለፈው ረቡዕ ባለፎቶው እህቱ ወልዳ ሊጠይቃት ሲሄድ የሥራ ስልኩን ለዳቦ ጋጋሪዋ ትቶላት ሄደ። በመንገዳችን አንድ ሱቅ ሲዘጋ ስልኩን ጎረቤት ያነሳለታል፤ ደንበኛ እንዳይቀርበት። ይህን ለዘበኛው ማናችንም ነግረነው አናውቅም። የደበቅነው አይደለም፤ ለምደነው ስለኖርን ሊነገር የሚገባ ነገር አልመሰለንም። ዳቦ ጋጋሪዋ የሟች ባሌ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምላት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ዳቦ ልገዛ ገብቼ ሳለ ያ ስልክ ጠራ። ደዋዩ ያለውን አልሰማሁም። እትዬ ግን «ኧረ እንዳይጠፋበት! የሰው ሠርግ እኮ ነው! ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላድርግ» አለችና ቁጥሮችን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበችለት። እንደጨረሰች «ተባረክ፤ በዚህ ካለፍክ ትኩስ ዳቦ አለልህ» ብላ መረቀችው። እኔ የዳቦ ትእዛዝ መስሎኝ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ልትረዳ ብላ የተታለለች ናት።

ባለፎቶው ሐሙስ ሲመለስ የፎቶ ማስቀመጫው ተቆልፎ፣ እንዲከፈትለት ገንዘብ እንዲልክ የሚጠይቅ መልእክት ጠበቀው። «የመግቢያውን የሚስጥር ቃል ከእኔና ከዘበኛው በቀር የሚያውቅ የለም» ብሎ አመለከተ። አልፈርድበትም፤ የሰው ሠርግ በእጁ ጠፍቶበት ራሱን አያውቅም ነበር።

ዘበኛው ከመያዙ በፊት ያንን ስልክ አይቶታል። ማስቀመጫውን የሚያስከፍተው የሚስጥር ቁጥር በመልእክት መቼ እንደመጣና በዚያ ሰዓት ስልኩ ማን ዘንድ እንደነበረ ገብቶታል። ቅዳሜ ልጠይቀው መጥቼ «ታዲያ ለምን አትናገርም?» ስለው፣ «እማ፣ እትዬን እዚህ አምጥተው ሊያስቀምጧት? ለእኔ ይሁን፣ ግድ የለም» አለኝ። «ሌባ ተብለህ ስትወጣ ማን ኮምፒውተሩን ያስነካሃል?» አልኩት። እሱ ግን «ዳቦው እየደረሰኝ ነው፣ ግን በዛ በሏት» ብሎ ሳቀ።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። ስለዚያ ሊጠይቀኝ የሚገባው ሰው ሞቷል፤ ነገሩም ይህን ጉዳይ አይመለከትም። ዳግመኛ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤቱ ሄጄ «እትዬ፣ ረቡዕ ለት በስልክ ያነበብሽው ቁጥር…» ስላት አላስጨረሰችኝም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ «አውቄዋለሁ። ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ማታ ዳቦ እልክለታለሁ፤ ዳቦ ያስፈታው ይመስል!» አለች።

«አንቺንም ሊያስሩሽ ይችላሉ፤ አልዋሽሽም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ትንሽ ብትዋሺኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ወዲያው ሽርጧን ፈትታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ዛሬ ጠዋት ግን ሦስታችንም አብረን ስንመጣ ዘንቢሏን የያዘላት ባለፎቶው ነበር። አሁን ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። የደዋዩ ቁጥር ያለበት ስልክም በባለፎቶው እጅ ነው። እትዬም ቃሏን ለመስጠት ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ሌላ የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ እትዬን ጉልበቷን ስለሚያማት ቆማ እንዳትጠየቅ አመልክቻለሁ። ልጁም የሚፈታ ከሆነ በፊት ለፊቱ በር እንዲወጣ ለምኛለሁ። እትዬ የተቀመጠችው በዚያ በኩል ነው።

መርማሪው ቃሌን ሊያነቡልኝ ሲሉ፣ ማንበብ የተማርኩት በትልቅነቴና በራሴ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠኝ ብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ። ስለ እትዬ መጀመሪያ የተጻፈው «ቁጥሩን አሳልፋ የሰጠች» የሚለው በጥያቄዬ ተሰርዞ «ልትረዳ ብላ የተታለለች» በሚለው ታርሟል። ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገሬን፣ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ የምደግም መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________ (ከስርዙም አጠገብ ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________