ፊቱን ወደ ጎረቤት ያዞረ ግድግዳ

በልብስ አጣቢዋ ላይ ቂም ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። የመኝታ ቤታችን የጀርባ ግድግዳ የሚታየው በእሷ ግቢ በኩል ነው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ትውልና እጣቢውን እዚያው ግድግዳ ሥር ትደፋዋለች። ከውስጥ ቀለማችን ያብጣል፣ ይላጣል፣ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። "ሆን ብላ ነው" አልኩ፤ በዚሁ ጸናሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን አዞራለሁ፣ እሷም ታዞራለች።

ያንን ግድግዳ ስንት ጊዜ አስለሰንኩት፣ ስንት ጊዜ ቀለም አስቀባሁት! ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያው ነው። ነገሩ የቀለም ብቻ ቢሆን ችዬ እኖር ነበር። ትንሿ ልጄ ግን የምትተኛው እዚያ ክፍል ነው፤ ሌላ ክፍል የለንም። ትስላለች፣ ስትተነፍስም ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ "ይህች ልጅ ሻጋታ ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት የለባትም" ሲለኝ "የት ላስተኛት? እርስዎ ቤት?" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።

በዚያ ንዴት የግንባታ ዕቃ መደብር ገባሁ። ባለሱቁ አንድ ሰፊ ጂፕሰም ቦርድ አቁሞ አሳየኝ።

"ይህን ከውስጥ ያስገጥሙበት። ግድግዳውን ዳግመኛ አያዩትም" አለኝ።

እኔም የምፈልገው እሱን አለማየት ነበር። ልስማማ ስል ከኋላዬ "አክስቴ፣ ተይው፣ አትግዢ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የእህቴ ልጅ ናት። ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ግንባታ የተማረች፣ የሰውን ቤት በልስንና በጂፕሰም አሳምራ የምትኖር ልጅ ናት። እሷም ለሥራዋ ብሎን ልትገዛ መጥታ ነው የተገናኘነው።

"ምን አገባሽ? ግድግዳው የኔ!" አልኳት።

"ያንቺ ነው። ግን እርጥብ ነው?"

"ደረቅ ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ?"

"እንግዲያው ቦርድ አያደርቀውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ሻጋታው ከጀርባው እንደልቡ ይራባል፤ ቦርዱም ውሃ ይጠጣና ይልፈሰፈሳል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ይታወቅ።"

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ግን ከባለሱቁ ይልቅ እሷን ጠረጠርኩ። እንጀራዋ ቦርድ መግጠም ሆኖ ሳለ "አትግጠሚ" ካለች አንድ የደበቀችው ነገር አለ ማለት ነው። ምናልባት ሌላ ሱቅ ኮሚሽን የሚሰጣት ይሆናል። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት።

ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ እኮ ቆጣሪ አንባቢውን ሌባ ነው ብለሽ ደጅ ያቆምሽ ሴት ነሽ!"

"መታወቂያውን ሲያሳየኝ አስገብቼዋለሁ።"

"እኔም ላሳይሽና ግድግዳውን ልየው?"

አብራኝ መጣች። ክፍሉ ገብታ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ወንበር ላይ ወጥታ ጣሪያው ሥርም ነካችው።

"የአጣቢዋ ውሃ ነው ያልሽው?"

"የማን ይሆናል ታዲያ?"

"እዚህ ላይኛውም እርጥብ ነው። ሴትየዋ እጣቢዋን ወደ ሰማይ ነው እንዴ የምትደፋው?"

እኔም ወንበሩ ላይ ወጥቼ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ስሸነፍ ደግሞ እናደዳለሁ።

"ይህ ቤት ሲሠራ በመንገድ በኩል ያለው ሁሉ ተለስኗል" አለች። "ጀርባው ግን ማን ያየዋል ተብሎ ባዶ ብሎኬት ቀርቷል። ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በብሎኬቱና በመጋጠሚያው ሰርጎ ይገባል። የአጣቢዋ ውሃ ከታች ያግዘዋል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። አንቺ ከውስጥ ስታስለስኚ የኖርሽው ውጪው ክፍት ሆኖ ነው።"

"እሺ፣ ውጪው ከተለሰነ የውስጡ ቦርድ ለምን ያስፈልጋል? ይኸው፣ መጣሽልኝ ወደ ገበያሽ!"

"የውስጡ ልስን እኮ በስብሷል፤ ሁሉም መፋቅ አለበት። ከተፋቀ በኋላ ግድግዳው ጎርበጥባጣ ነው። እንደገና በእርጥብ ሲሚንቶ ልለስነው ካልኩ ልጅቷ እርጥበት ውስጥ ትከርማለች። ቦርዱ ግን ደረቅ ሥራ ነው። ግድግዳው ደርቆ ሲያልቅ ቀጭን የብረት ማቀፊያ አቁሜ እሱ ላይ እገጥመዋለሁ። ከኋላው ክፍተት ስለሚኖር ቅዝቃዜው በቀጥታ አይመጣባትም። ግን ከውጪ ካልጀመርን እጄን አላነሳም። ለዚያ ደግሞ ሴትየዋ ግቢ መግባት ግድ ነው።"

"እኔ እዚያ ግቢ አልገባም።"

"እንግዲያው ልጅሽ መሳሏን ትቀጥል።"

ሰው እንዲህ ሲናገረኝ ዝም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ የእህቴ ልጅም ተከተለችኝ።

የአጣቢዋ በር ክፍት ነበር፤ ስንገባ ነጭ አንሶላ ከገመድ ላይ እያወረደች ታራግፍ ነበር። ድሮ አንቺ ለአንቺ ነበርን፤ አሁን ኩርፊያው እርስዎ መባባል አስተምሮናል።

"ምን ልታዘዝ?" አለችኝ።

"የጀርባ ግድግዳዬን ላስለስን ነበር። በግቢዎ በኩል ነው።"

"አሃ! ልስን!" አለች ወገቧን ይዛ። "ልስን እኮ ውፍረት አለው። ዛሬ ሁለት ጣት ከግቢዬ ይወስዳሉ፣ ነገ ጣሪያዎን ያስረዝማሉ፣ ከነገ ወዲያ እኔ ልብሴን መንገድ ላይ ነው የማሰጣው።"

የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻት። "እማማ፣ ውፍረት የለውም ብዬ አልዋሽዎትም፣ አለው። ግን ክር ወጥረን ነው የምንሠራው። ክሩን እርስዎ ይወጥሩልን፤ ከክሩ ካለፍኩ ያስቁሙኝ።"

"ክርም ይለጠጣል" አለች አጣቢዋ።

እኔ በዚህ መሀል ዓይኔ አንሶላው ላይ ነበር። "ይህ ግራጫ ነገር ምንድን ነው የሚያራግፉት?" አልኳት።

"የግድግዳዎ አሸዋ ነዋ! ነፋስ በመጣ ቁጥር እየረገፈ ያጠብኩትን ያበላሽብኛል። ደንበኛ ሸሽቶኛል። ሆን ብለው ነው የተዉት ስል ኖሬአለሁ።"

እኔ በእሷ ላይ የምለውን ቃል እሷም በእኔ ላይ ስትለው ኖራለች! እዚህ ላይ ለምታነቡ ሁሉ የምለው አለኝ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲኳረፍ አንደኛው የሚያየው የግድግዳውን ውስጥ፣ ሌላኛው የሚያየው ውጪውን ብቻ ነው። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ግማሹን ነው ያዩት።

"ከተለሰነ አሸዋው ይቆማል" አልኳት። "ቀለሙንም እርስዎ ይምረጡ፤ የሚያዩት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን ለአሸዋዎ ብዬ አልመጣሁም። ልጄ ታማለች። ግድግዳው ነው የሚያሳምማት።"

አንሶላውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

"የምትስለው ልጅ ናት?"

"ይሰማል እንዴ?"

"እዚህ ስሠራ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ባልዎ መስሎኝ ነበር። ሲጋራውን ቢተው ምናለ እያልኩ ስረግመው..." አልጨረሰችውም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ከግድግዳው ሥር በእግሯ ገፋ አደረገችና "ነጭ ይሁን" አለች። "ነጭ ለግቢው ብርሃን ይሰጠኛል። ክሩን ግን የምወጥረው እኔ ነኝ።"

እውነትም እሷ ወጠረችው። የእህቴ ልጅ ብሎኬቱን ጠርጋ፣ ውሃ አጠጥታ፣ መጀመሪያ ቀጭን የሲሚንቶ ርጭት አለበሰችው፤ ሲጠነክር ዋናውን ልስን ጨመረችበት። ከግድግዳው ሥር ውሃው ወደ ቱቦ እንዲሄድ ዘቅዘቅ ያለ ሲሚንቶ አፈሰሰች። እኔ የሲሚንቶውን ቅልቅል ስጠብቅ፣ አጣቢዋ እኔን ስትጠብቅ ዋልን።

ልስኑ ገና ትኩስ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ዕቃ ልታመጣ በሄደችበት ሰማዩ ጠቆረ። ልስኑን ለመሸፈን ፕላስቲክ ይዤ ብቻዬን ስታገል አጣቢዋ ሳፋዋን ገልብጣ ወጣችበት።

"በዚያ በኩል ያዢው! አንቺ ሴትዮ፣ ያዢው እንጂ!"

"ይዤዋለሁ! አንቺ ራስሽ እንዳትለቂው!"

ዝናቡ እስኪያልፍ እጃችንን ሰቅለን ቆምን። ልስኑ ተረፈ፤ እኛ በሰበስን።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው እስኪደርቅ ተጠበቀ። እኔ "ደርቋል፣ ግጠሚ" እላለሁ፣ የእህቴ ልጅ እምቢ ትላለች። የበሰበሰው የውስጥ ልስን ተፍቆ ወጣ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ዋለ። ደርቆ ባለቀ ጊዜ ቦርዱ ተገጠመ፣ መጋጠሚያው ተለጥፎ ተስተካከለ፣ ቀለም ተቀባ። የልጄ ሳል ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። ግን ደረቷ ሲር ማለቱን ትቷል፣ ብርድ ልብሷም ሻጋታ ሻጋታ አይሸትም። ስለዚህ እናንተም ግድግዳችሁ ከረጠበ ከውስጥ ለመሸፈን አትቸኩሉ። የውጪውን ዝጉ፣ እስኪደርቅ ታገሡ፣ ከዚያ በኋላ ውስጡን አልብሱት።

አጣቢዋ ልታየው መጣች። ገና ከመግባቷ ቦርዱን በጣቷ አንኳኳችው።

"ባዶ ነው እኮ! ምን ደብቃችሁበት ነው?"

ያን ጊዜ አስረጂዋ እኔ ሆንኩ። ማቀፊያውን፣ ክፍተቱን፣ የማድረቁን ነገር ሁሉ አስረዳኋት። የእህቴ ልጅ አፏን ይዛ ትስቃለች።

አጣቢዋ ቦርዱን ደግማ ዳሰሰችው። "የኔም የጓዳ ግድግዳ ይረጥባል" አለች ቀስ ብላ። "ጀርባው በአንቺ ጓሮ በኩል ነው።"

ሁለት ጣት ከጓሮዬ እንደሚሄድ ወዲያው ታሰበኝ፤ እኔ እንደዚህ ነኝ። ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና በግድግዳዋ ሥር የከመርኩትን ማገዶ ወደ ሌላው ጥግ ማጋዝ ጀመርኩ።