የአጎት ሙት ዓመት

ኮሌጅ ፓርክ፣ የኤርፖርት ሠራተኞችን በሚያመላልሰው ሻትል አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የምደግፈው የእንግሊዝ ቡድን አንድ ዓመት ታችኛው ሊግ ከርሞ ዛሬ ወደ ላይ ተመለሰ!»

«እንኳን ደስ አለህ። ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«መደገስ አማረኝ፤ ግን ሰው መጥራት ፈራሁ።»

«ለምን?»

«አምና ቡድኑ የወረደ ለት ሥራ መግባት አቃተኝ። ለሱፐርቫይዘሬ አጎቴ ሞተ ብዬ ቴክስት አደረግኩላት።»

«አይ አንተ!»

«እሷ ደግሞ አብረውኝ ለሚሠሩት ሐበሾች ነገረቻቸው። ከሥራ ሲወጡ ምግብ ተሸክመው ሊልበርን ቤቴ ድረስ መጡ።»

«እውነቱን አትነግራቸውም?»

«ልነግራቸው ስል አንዲት እናት አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም የምሬን አለቀስኩ፤ ሐዘኑማ ነበረብኝ እኮ!»

«ጉድ ነው።»

«አሁን ምን ብዬ ልጥራቸው? እስቲ ይምከሩኝ።»

ሽማግሌው ጠጋ አሉት።

«ዓመት ሞላው አላልክም?»

«አዎ፣ ሞላው።»

«በቃ፣ የአጎቴ ሙት ዓመት ነው ብለህ ጥራቸው። ብቻ ማልያህን እንዳትለብስ።»

ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ አምና ለዚያ ለቅሶ ወጥ ይዤበት የሄድኩት ድስት እስካሁን አለመመለሱ ትዝ አለኝ።