የኔርሚንን ፊት ልንካ ወይስ ልተው?

ክቡራትና ክቡራን!

እንዲህ ብዬ ስጠራችሁ ለራሴም ሳቄ ይመጣል። ፍራኦልን በየቀኑ «አንተ ቀበጥ» እያልኩ ነው የምጠራው፤ ዛሬ ግን ክቡር ሆኗል፣ ይቻለው።

ገዛኸኝ ወንድሜ፣ ስቱዲዮህን ዘግተህ ለስንብቴ ይህን ሁሉ ስላሰናዳህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሠርግ እያለብህ ነው ደግሞ! ሐሴት ኬኩን ከሬድውድ ሲቲ ድረስ ነድታ አመጣችው፤ በዚያ ትራፊክ። ተባረኪ የኔ ልጅ።

ስለ ራስሽ ተናገሪ ተባልኩ። ምን ብዬ ልናገር? ሥራዬን ታውቁታላችሁ። የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፣ የአማት ግንባር አለሰልሳለሁ፣ ሠርጉ ላይ ያልነበረውን አጎት ከሌላ ፎቶ አምጥቼ ከኋላ አቆመዋለሁ። በዚህ ሥራ ልጆች አሳደግኩ። የገባኝም መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ግራ ገባኝ፤ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው ፊታችሁ የቆምኩት። ግራ ያጋባችኝ ኔርሚን ናት።

አዲሶቹ አታውቋትም። የስቱዲዮውን የኋላ ጨለማ ክፍል ተከራይታ ፊልም ታጥብ የነበረች ቱርካዊት ናት፤ ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ አንሺ። አባቷ ዞንጉልዳክ በምትባል የጥቁር ባሕር ከተማ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። መጀመሪያ ያነሳችው ቆፋሪዎቹን አይደለም፤ ፈረቃው እስኪወጣ በር ላይ የሚጠብቁትን ሚስቶች ነው። «ቆፋሪውን ሁሉም ያነሳል፤ የምትጠብቀውን ማን አነሳ?» ትል ነበር። ከዚያ ጀርመን ሄዳ በየፋብሪካው ያሉትን የአገሯን ሰዎች አነሳች፤ ኢስታንቡልና በርሊን ላይ ኤግዚቢሽን አሳየች። ባሏን ተከትላ ኦክላንድ መጣች። ባሏ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ወደቡን፣ የኒውአርክን መጋዘኖች፣ ሳን ሆዜ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የሚያጥቡትን ሁሉ አነሳች።

የእኛ ሰዎች ግን ፈተኗት! ኃይለየሱስን ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ ላንሳው ብላ ስንት ጊዜ ደጅ ጠናች። እሺ ባላት ቀን ከረባት አስሮ፣ የወንድሙን ኮት ለብሶ ጠበቃት።

«ለሥራ እንዲህ ነው የምትለብሰው?» አለችው።

«ለሥራማ ማን ይለብሳል? ለፎቶ ነው እንጂ!»

ተበሳጭታ መጥታ ነገረችኝ። «እና ተውሽው?» አልኳት። «አነሳሁት» አለች። «እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ አይታዩም። እንዴት እንደሚያምር!» እኔ ብሆን እጅጌውን አሳጥረው ነበር። ምኑ ነው የሚያምረው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስሠራ ሻይዋን ይዛ ከኋላዬ ትቆማለች።

«የማንን ፊት ነው የምታጠፊው?»

«እያሳመርኩ ነው።»

«ፊቱ ምን አደረገሽ?»

ስንጨቃጨቅ ኖርን። ጭቅጭቁ ሲቀር ደግሞ ይከፋኛል፤ ይኼስ ምን ይባላል?

አቶ ክፍሌን የምታውቋቸው ታውቃላችሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብዳር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በልጃቸው ሠርግ ፎቶ ላይ የቅንድባቸውን ጠባሳ አጥፊልኝ አሉኝ፤ አጠፋሁላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሲያርፉ አቶ ክፍሌ ያንኑ ፎቶ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጠባሳዋን መልሽልኝ። እኔ የማውቃት በሱ ነው» አሉኝ። እሳቸው አጥፊ፣ እኚህ መልሽ። የማንን ልስማ? መለስኩላቸው። ኔርሚን ከበሩ ጀርባ ሰምታ የያዘችውን ሻይ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።

ኔርሚን ያለፈው ወር አረፈች። ልጇ ዴፍኔ ከሳን ሆዜ ደወለችልኝ። መታሰቢያው ቅዳሜ በርክሌ ነው፤ የሚቆም ፎቶ ጠፋ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታነሳ የኖረች ሴት የራሷ ፎቶ የላትም! ካሜራ ሲዞርባት ፊቷን ትሸፍናለች። ያለው እኔ እዚህ ኩሽናችን ውስጥ በስልኬ ሰርቄ ያነሳኋት ብቻ ነው፤ ስትስቅ።

ላክሁላት። ዴፍኔ መልሳ «በጣም ደክሟት ነው የምትታየው። ትንሽ ኤዲት አድርጊልኝ፣ ፕሊስ» አለችኝ።

እናቲቱ አትንኪ ብላ ሞተች፤ ልጅቷ ንኪ ትላለች። ፎቶው የማን ነው? የሟች ነው? የሐዘንተኛዋ ነው? ገዛኸኝን ጠየቅሁት፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» አለኝ። ሐሴትን ጠየቅኋት፤ «ኢት ዲፔንድስ፣ እንደየሁኔታው ነው» አለችኝ። እሱንማ እኔም አላጣሁትም!

ትናንት ዴፍኔን ጠርቼ ከጎኔ አስቀመጥኳት። የእናቷን ፊት ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላሁት።

«ይኼ ከዓይኗ ሥር ያለው ይጥፋ?»

«ይጥፋ» አለች። ወዲያው እጄን ያዘችኝ። «ቆይ። ፀሐይ ላይ ስታነሳ የምታጨማድደው ነው። ተይው።»

«ግንባሯስ?»

«እሱ እኔን ስትቆጣ ነው» ብላ ሳቀች። «እሱንም ተይው።»

«የአፏ ዳርስ?»

እንባዋ ወረደ። እኔም አላስቻለኝም፤ እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ አለቀስኩ። ፍራኦል በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው። ደግ አደረግህ።

በመጨረሻ ያጠፋሁት አንድ ነገር ነው። ሹራቧ አንገት ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። «እሱስ ይሂድ፤ እንግዳ ይመጣል» አለች ዴፍኔ። አጠፋሁት። የሥራ ዘመኔ መደምደሚያ ያ ፍርፋሪ ሆነ!

ቤቴ ስገባ ግን ደግሞ ግራ ገባኝ። ኔርሚን ብትኖር፣ «ዳቦው የኔ ነበር፤ ማን ንኪ አለሽ?» ብላ ትጮህብኝ ነበር። ልክ ሠራሁ? እኔንጃ። ናፍቃኛለች፤ እሱን ብቻ አልጠራጠርም።

ናዝሬት፣ ወንበሬን የምትረከቢው አንቺ ነሽ። ምን ልምከርሽ? ገብቶኛል ያልኩት ሥራ ሳይገባኝ ነው የማስረክብሽ። ብቻ ከወንበሩ አጠገብ አንድ ሌላ ወንበር አድርጊበት። የፎቶውን ባለቤት አስቀምጪና ጠይቂው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ አሜን በሉ። ይህ ቤት ሥራ አይጣ። ዓይናችሁን ያብራላችሁ፣ እጃችሁን ያጽናላችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አርጅታችሁ ፊታችሁ ሲጨማደድም፣ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ የሚያውቅና «ተይው፣ እሱ የእሷ ነው» የሚል ሰው አያሳጣችሁ።