ለባለቤት ብቻ

ና ግባ፣ በሩ ላይ አትቁም፤ ያችን ጄሪካን ገልብጥና ተቀመጥባት። የእህቴን የደብሬን ፋይል ላመጣ ኮሌጅ ሄጄ የተንገበገብኩትን ነው ለእነዚህ የማወራላቸው። በእኛ ጊዜ እኮ… ምን ያስቃችኋል? ባጃጅ የሚነዳ ሰው «በእኛ ጊዜ» አይልም? በእኛ ጊዜ ውጤት ምስጢር አልነበረም፤ መምህሩ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይጠራል፣ እና እኔ ከመጨረሻ ሁለተኛ ስባል ማንኩሳ በሙሉ ሰማ፣ መጨረሻ የወጣው ልጅ ሳይቀር ሳቀብኝ፣ ከዘጠነኛ ክፍልም በዚያው ወጣሁ፣ አለቀ።

ታዲያ ደብሬ እንደ እኔ አይደለችም፣ ታናሼ ብትሆንም ኮሌጅ ገብታ ተመርቃ አሁን ገበዝ ማርያም ታስተምራለች። እና ቡሬ የሚሠራ ልጅ ወደዳት፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ዘር ጠየቁ፣ ደህና፤ ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ልጅቱ ትምህርቷን መሀል ላይ ግማሽ ዓመት አቋርጣ ነበር ይባላል፤ በምን ምክንያት ይሆን?» አለ። ይባላል! ማን ነው የሚለው? አባታችን ደነገጡ፤ እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ሽማግሌዎቹን ሸኙና እኔን ጠሩኝ።

«ሂድና ከኮሌጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣ፤ ያለ እሱ አይመለሱም» አሉኝ።

«ራሷን ብንጠይቃትስ አባዬ?»

«እንዳታሳፍራት! ትንፍሽ እንዳትል!»

እሺ፣ ሄድኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ብቻ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ አሉ፤ ፋይሉን ሁሉ ከኋላቸው በብረት ቁም ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

«እትዬ፣ የእህቴን ፋይል ፈልጌ ነበር።»

«እሷስ?»

«ሥራ ላይ ናት። ይኸው መታወቂያዬ፤ የአባታችን ስም አንድ፣ የአያታችን ስም አንድ።»

«ፋይል የሚሰጠው ለባለቤት ብቻ ነው።»

«እኔም ባለቤት እንድታገኝ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! «ወንድሜ» አሉኝ፣ «የገዛ ባሌ የልጃችንን ውጤት ሲለምነኝ ልጁ ካልፈረመ አይሆንም ብዬ መልሼዋለሁ፤ አንተን ልፈራ ነው?»

ታዲያ እኔ መናኸሪያ ያደግሁ ሰው በዚህ እመለሳለሁ? ዞር ብዬ ሙሌ ጋ ደወልኩ፣ ታውቁት የለ፣ ያን ድምፀ ቀጭኑን። «ደብሬ ነኝ በል» አልኩትና ስልኩን በመስኮት አቀበልኳቸው። ሙሌ ሆዬ ድምፁን የባሰ አቅጥኖ፣ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ለወንድሜ ይስጡልኝ» ሲል፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ እህቴ መሰለችኝ! «እስኪ የመታወቂያ ቁጥርሽን ንገሪኝ» አሉት። «የቱን፣ የባጃጅ መንጃ ፈቃዴን?» አይላቸውም! ስልኬን መለሱልኝ፣ እና «እህትህ ባጃጅ ትነዳለች እንዴ?» ብለው መስኮቱን ድርግም።

ተቃጠልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ! እየተነጫነጭኩ በሕንፃው ጓሮ ስወጣ፣ ስሙኝ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ መሄጃ ግድግዳው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ የስንት ዘመን ወረቀት በላይ በላዩ ተለጥፎበታል፣ የሚያነሣው የለም። አንዱ «ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ ተማሪዎች» ይላል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከዚያ ምክንያት። ምክንያት! ያረገዘችው፣ አባቱ የታሰረበት፣ ሁሉም እዚያ ተጽፎ ፀሐይ ይሞቃል። ሰባተኛዋ ደብሬ ናት። ምን ይላል? አልነግርህም፣ አትጠይቀኝ! በሽታ ነው፣ ድናለች፤ ግን የእኛ አገር ሽማግሌ ስሙን ሲሰማ ጋቢውን ሰብስቦ የሚነሣለት ዓይነት ነው፣ ይበቃሃል።

ገነጠልኩት። ዘበኛው፣ «አንተ! ማስታወቂያ መቅደድ ክልክል ነው!» እያለ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፣ በጩኸቱ ሴትዮዋም ወጡ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እኔን ወንድሟን ከልክለው ቁልፉን አንገትዎ ላይ አስረዋል፤ ነገሩ ግን ይኸው ግድግዳ ላይ ነው፣ ሽንቱን ሊሸና የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል!»

ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፣ ፊታቸው ቅጭም አለ፣ እና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የእኔ ሥራ ፋይል ነው። ሰሌዳው የሌላ ክፍል ነው።»

የሌላ ክፍል! እህቴን ለሁለት ክፍል አካፍለዋታል መሰለኝ! ብቻ ዘበኛውን «ልቀቀው» ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ወረቀቱንም መለሱልኝ፣ ይህን መካድ አልችልም።

ለአባታችን «ለባለቤት ብቻ ነው የሚሰጠው ብለው መለሱኝ» አልኳቸው፣ ውሸትም አይደል። እና በማግስቱ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። ደብሬ እጇ ጠመኔ እንደሆነ ከክፍል ወጣች። ሽማግሌዎቹ የጠየቁትን፣ አባታችን ያዘዙኝን፣ ሴትዮዋን፣ ሙሌን፣ ሰሌዳውን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳትና ወረቀቱን ሰጠኋት። እመሰገናለሁ ብዬ ቆሜያለሁ! አየችው፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው።

«አነበብከው፣ አያ?» አለችኝ።

«እንዴ! ሳላነብ የቱን እገነጥላለሁ? ያ የቡሬው ልጅ እንዳይሰማ ብዬ እኮ ነው!»

«እሱማ ያውቃል» አለችኝ፣ «ሽማግሌ ሳይልክ ገና ራሴ ነግሬዋለሁ። እንዲያውቅብኝ ያልፈለግሁት አንተን ነው።»